ምዕራፍ 7፦ የምጣድ ፖለቲካ

በዓል ሲቃረብ የከተማው ሊጥ ሁሉ ባንድ ሌሊት ኩፍ ይላል። በዋዜማው በየግቢውና በየኮንዶሚኒየሙ ምጣድ ይጣዳል፤ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ይጨነቃል፤ አንዳንዴም «ድው» ብሎ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ ስለ መብራት ነው። እነ እገሌ ቤትም ጠፍቷል? መቼ ይመጣል? ሊጡ ሳይኮመጥጥ የት ተወስዶ ይጋገር? ምጣዱን የሚያነሳ ግን የለም። ምጣድ ምን ይባልለታል?

ብዙ ይባልለታል። በምዕራፍ 5 ንድፍ ማለት ማስዋብ እንዳልሆነ አይተናል፤ ዕቃው ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ከምን እንደሚሠራ፣ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል፣ ሲበላሽ ይጠገን ወይም ይጣል እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን ነው። በምዕራፍ 6 ደግሞ አንድን የእጅ ስልክ ከማዕድን ጉድጓድ እስከ ቆሻሻ ክምር ተከትለን፣ ዕቃው በአፈር፣ በውሃና በአየር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አብዛኛው ገና ወረቀት ላይ እያለ እንደሚወሰን ተነጋግረናል። የቀረን ጥያቄ ይህ ነው፦ ወሳኙ ማን ነው? ዕዳውን የሚከፍለውስ?

ቦዩን የቆፈረው

አንድ መንደር የመስኖ ቦይ ልትቆፍር ነው እንበል። ቦዩ በላይኛው ማሳ በኩል ይዙር ወይስ በታችኛው? ስፋቱ ስንት ክንድ ይሁን? መዝጊያው በማን ደጃፍ ይቀመጥ? በዚያች ሰሞን ጭቅጭቅ አለ፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ጉልበት ያለው ያሸንፋል፤ ሌላው ያጉረመርማል። ከዚያ ቦዩ ተቆፍሮ ያልቃል። ውሃ ከቦይ ጋር አይከራከርም፤ በተቀደደለት ይፈስሳል። ከ20 ዓመት በኋላ በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ አንዱ ማሳ ለምልሞ፣ አንዱ ጠውልጎ ሲያይ «ያኛው ገበሬ ታታሪ ነው፣ ይኼኛው ሰነፍ» ብሎ ይፈርዳል። የቁፋሮውን ሰሞን ጭቅጭቅ አልሰማማ።

ንድፍ ይኸው ቦይ ነው። የእኛ የዕለት ተዕለት አኗኗር ደግሞ ውሃው። በዚህ ምዕራፍ ፖለቲካ ስል ፓርቲና ምርጫ ማለቴ አይደለም፤ የጋራ የሆነ ነገር ለማን፣ ስንት፣ በማን ወጪ እንደሚደርስ የሚወሰንበት ያ የቁፋሮ ሰሞን ጭቅጭቅ ማለቴ ነው። ዘላቂነት የምንለውም ጉዳይ፣ ማለትም የዛሬው አጠቃቀማችን የነገውን ሰው ድርሻ እንዳይበላ ማድረግ፣ የሚወሰነው እዚያው ላይ ነው። ቦዩ ከተቆፈረ በኋላ ውሃውን «ወዲህ ፍሰስ» ብሎ መምከር ብዙ አያራምድም። ሰዎች «እንጨት አታቃጥሉ»፣ «ኃይል ቆጥቡ» ሲባሉ የምንሰማው ምክር አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው።

ይህን ሐሳብ በግልጽ ካነሱት አንዱ አሜሪካዊው የፖለቲካ ፈላስፋ ላንግደን ዊነር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው ጽሑፍ የኒውዮርኩን ባለሥልጣን የሮበርት ሞዘስን ዝቅተኛ ድልድዮች ጠቀሰ፦ አውቶቡስ በሥራቸው ስለማያልፍ፣ መኪና የሌላቸው ድሆችና ጥቁሮች ወደ ባሕር ዳርቻው መናፈሻ እንዳይደርሱ ተደርጎ የተሠሩ ናቸው አለ። በኋላ የተነሱ ተመራማሪዎች ታሪኩን አጥብቀው ተከራክረውታል፤ በእነዚያ መንገዶች አውቶቡስ ድሮውንም በደንብ የተከለከለ ነበርና። ለእኔ ክርክሩ ራሱ ያስተምራል። ደንብ በአንድ ስብሰባ ይሻራል፤ ድልድይን ለማንሳት ግን ድማሚት ያስፈልጋል።

ከሦስቱ ጉልቻ እስከ ባሕር ዛፍ

ወደ ምጣዱ እንመለስ። እንጀራ መጋገር ከኢትዮጵያ ቤተሰብ የማብሰያ ኃይል ትልቁን ድርሻ ይወስዳል። ምጣዱ ሰፊ ነው፤ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ሸክላ ደግሞ ሙቀትን የሚያሳልፈው እየተግደረደረ ነው። ከጠርዝ እስከ መሐል እኩል ካልጋለ እንጀራው ዓይን አያወጣም። በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጣድ ነበልባሉ በሦስቱም ክፍተት ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከእንጨቱ ጉልበት ምጣዱ ጋ የሚደርሰው ከአሥር እጅ አንዱ ቢሆን ነው። የቀረው ግድግዳውን፣ አየሩንና የጋጋሪዋን ፊት ያሞቃል፤ ጭሱ ሳንባ ውስጥ ይገባል። እንጨት በሌለበት አካባቢ ኩበት ይነዳል፤ በምዕራፍ 3 ስለ አፈር ስንነጋገር እንዳየነው ኩበት ማንደድ የማሳውን ማዳበሪያ ማንደድ ነው።

ይህ ብክነት አንድ ጊዜ መዲናችንን ሊያስነቅል ደርሶ ነበር። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን በማገዶ አለቀ። አፄ ምኒልክ ወደ ምዕራብ ሄደው አዲስ ዓለምን ማሠራት የጀመሩት ከተማዋን ለማዛወር ነበር። ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ቢቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ቤተ መንግሥቱ ተከላውን አበረታታ፤ እንጦጦም ባሕር ዛፍ ለበሰ።

መፍትሔው ሠርቷል፤ ከተማዋ አሁንም እዚያው ናት። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የማገዶ እጥረት ሲመጣ መንግሥት የነካው ተራራውን ነው። ምድጃውን አልነካም። ጉልቻው እንደነበረው ቀረ፤ የሚነድደው ብቻ ተጨመረለት። ምክንያቱ የዕውቀት ማነስ አይመስለኝም። ተራራ የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ ጓዳ የሴት ጉዳይ። ጓዳ ውስጥ የሚባክነው ደግሞ የሴት ጉልበት ስለነበር በማንም መዝገብ ላይ እንደ ኪሳራ አልተጻፈም። ከእንጦጦ ጎንበስ ብለው እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ለብዙ አሥርት ዓመታት የከተማዋ የኃይል አቅራቢዎች ነበሩ፤ ዕዳውን በወገባቸው ሲከፍሉ ኖረዋል።

ግማሹን እንጨት ያተረፈው ምድጃ

ምድጃውን ለመንካት የተደረገው ከባድ ሙከራ የመጣው በ1980ዎቹ ዓ.ም. ነው። ያኔ የተነደፈው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ሲያዩት ተራ ነገር ነው፦ ከሲሚንቶና ቀላል ከሆነ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተቀላቅሎ የሚቀረጽ፣ ተገጣጥሞ ምጣዱን ዙሪያውን የሚያቅፍ ክብ ግድግዳ። አንዱ ቁራጭ ቢሰበር ያው ብቻ ይተካል። ከኋላው የሚወጣው ትኩሳት እንዳይባክን ድስት የሚቀመጥበት ቦታ አለው፤ እንጀራ ሲጋገር ወጡ ወይም ውሃው ይሞቃል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር ወደ ግማሽ የሚጠጋ እንጨት ይቆጥባል። ንድፉን ከውጭ ያመጣው የለም፤ ለእንጀራ ተብሎ እዚሁ የተሠራ ነው። እኔ በበኩሌ በዘመናችን ከተሠሩት ኢትዮጵያዊ ንድፎች ሁሉ ቀድሞ ሊመሰገን የሚገባው ይህ ነው እላለሁ፤ ከየትኛውም ባለ መስታወት ሕንፃ በፊት።

ታዲያ ለምን በየቤቱ አልገባም? መልሱ ከምድጃው ውጭ ነው። ሲሚንቶ ሲወደድ ምድጃውም ይወደዳል። ተከራይ የሆነች ሴት ማድ ቤቱ የእሷ አይደለም፤ አከራዩ ደግሞ እሱ ስለማይጋግር ገንዘብ አያወጣም። በገጠር እንጨቱን የምትለቅመው እናት ወይም ልጅ ናት፤ ለለቀመችው አይከፈላትም። ስለዚህ ምድጃው የሚያተርፈው የእሷን ሰዓት ነው፤ ምድጃውን ለመግዛት የሚወጣው ግን ብዙውን ጊዜ በባል እጅ ያለ ጥሬ ገንዘብ ነው። ባለሙያዎች ይህን የተከፋፈለ ጥቅም ይሉታል፤ በቀላሉ ሲነገር፣ ከፋዩ ሌላ ተጠቃሚው ሌላ ሲሆን ጥሩ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ይቀራል ማለት ነው። የትኛውም መሐንዲስ ምድጃውን በማሻሻል ብቻ ይህን ሊፈታ አይችልም። ብድር፣ የኪራይ ውል፣ የቤት ውስጥ ሥልጣን ሁሉ የንድፉ አካል ናቸው።

ከሽቦው እስከ ቆጣሪው

በከተማ ጉልቻውን የተካው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። አሠራሩን ብዙዎቻችሁ ሰባራ ምጣድ ገልብጣችሁ አይታችሁት ይሆናል፦ በሸክላው ጀርባ ዙሪያውን በተጠመዘዘ ቦይ ውስጥ ሽቦ ይቀበራል፤ በጀሶ ይመረጋል፤ በቆርቆሮ አካል ላይ ይቀመጣል። ኤሌክትሪኩ ሽቦውን ያግላል፤ ሽቦው ሸክላውን። ኃይሉ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይደርሳል። ይህ ስንት እንደሆነ ለመገመት፣ አንድ የ3.5 ኪሎዋት ምጣድ 60 ዋት የሚባለውን የድሮ አምፖል 58 ያህሉን ባንድ ጊዜ እንደማብራት ነው። የዛሬ 15 ዓመት ገደማ መንግሥት ኃይል ለመቆጠብ ሲል የድሮ አምፖሎችን በነፃ በቆጣቢ አምፖል ለወጠልን። መልካም ሥራ ነበር። ግን አምፖል በቀየርንበት ጓዳ ውስጥ 58 አምፖል የሚያህለው ዕቃ ማንም ሳይነካው ተቀምጦ ነበር።

ከአካባቢ አንፃር የኤሌክትሪክ ምጣድ ትልቅ እርምጃ ነው። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ የሚመነጭ በመሆኑ ጭስ የለውም፤ ዛፍ አያስቆርጥም። ችግሩ ሙቀቱ ወደ ላይ ብቻ አለመሄዱ ነው፤ ወደ ታችና ወደ ጎንም ያመልጣል። ከሥሩ ሙቀት የሚከላከል ንጣፍ ቢገባለት፣ ሸክላው ቢሳሳ፣ ከጋለ በኋላ ኃይሉን የሚቀንስ መቆጣጠሪያ ቢኖረው ፍጆታው ይወርዳል። ይህን የምጣድ ሠሪዎች አያጡትም። ነገር ግን እያንዳንዱ ማሻሻያ ዋጋ ይጨምራል፤ ገበያ ላይ ያለች ሴት ደግሞ የሚታያት የምጣዱ ዋጋ እንጂ ለሚቀጥሉት ዓመታት የምትከፍለው የመብራት ሒሳብ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ምጣዱ ላይ የሚነግራት ነገር አልተጻፈበትም። እዚህ ላይ ሕግ ያስፈልጋል። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኃይል ቁጠባን የሚቆጣጠር አካል እንዲኖር ደንግጓል፤ መንገዱ ተከፍቷል። አንድ ምጣድ ለምን ያህል እንጀራ ስንት ኃይል እንደሚፈጅ ገላጭ ምልክት ቢለጠፍበትና ከተወሰነ በላይ የሚያባክን ገበያ እንዳይወጣ ቢከለከል፣ ያ አንድ ወረቀት ከብዙ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ይልቃል።

አሁን ወደ ቆጣሪው ኑ። የቤት ውስጥ የመብራት ታሪፍ በእርከን የተሠራ ነው፤ ብዙ በተጠቀምን ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። ሐሳቡ ደሃውን ለመደጎም ነው፤ የመጀመሪያውና ርካሹ እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው። እንቁጠር። 3.5 ኪሎዋት የሆነ ምጣድ ያለማቋረጥ 2 ሰዓት ቢሠራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። በሳምንት ሁለቴ የሚጋገርበት ቤት በአራት ሳምንት 56 ይደርሳል። እንጀራ ብቻውን፣ አምፖል ሳይበራ፣ ስልክ ቻርጅ ሳይደረግ፣ የድሃውን እርከን ጨርሶታል። በአንድ ግቢ ሦስት አባወራ አንድ ቆጣሪ ከተካፈለ ደግሞ የሦስቱ ፍጆታ እንደ አንድ ሀብታም ቤት ይቆጠርና ውድ እርከን ላይ ይወጣል። ታሪፉ እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2024 ሲሻሻልና ዋጋው ሲነሳ ከፍተኛ ክርክር ነበር። 50 የሚለው ቁጥር ከእንጀራ ጋር ይስማማል ወይ ብሎ ሲከራከር የሰማሁት ግን የለም። 50 ቁጥር ብቻ ይመስላል። ንድፍ ነው። ምጣድ የማታግል አገር ብትሆን ኖሮ በቂ ነበር።

ሒሳቡ ሲከብድ የሚሆነው ይታወቃል፤ ቤተሰቡ ወደ እንጨትና ከሰል ይመለሳል። ደኑ የሚቆረጠው ደን አጠገብ ባለ ሰው ስንፍና ነው ብሎ የሚፈርድ ያንን የቦዩን መንገደኛ ይመስላል።

ባዶ የቀረው የጋራ ማብሰያ

በ1997 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ይህን ጉዳይ አስቦት ነበር። በየግቢው ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለበግ ማረጃ የሚሆን የጋራ ቤት ተሠራ። በወረቀት ላይ ሲታይ ብልህ ነው። ምጣድ ኃይል የሚያባክነው ለመጋል ነው፤ አንዴ ከጋለ በኋላ የሚቀጥለው እንጀራ ርካሽ ነው። አምስት ቤተሰብ በአንድ የጋለ ምጣድ ቢጋግር ከየቤቱ አምስት ጊዜ ከማጋል በእጅጉ ይቆጥባል።

ሆኖም ብዙ ቦታ ለታሰበለት ሥራ አልዋለም። ቁልፉ ማን ጋ ይቀመጥ? ቆጣሪውን ማን ይክፈል? ሊጥ ይዞ ከአራተኛ ፎቅ በደረጃ መውረድና የጋለ እንጀራ ተሸክሞ መውጣትስ? ጎረቤት የማያውቀው ጎረቤት፣ ከየቀበሌው በዕጣ የተሰበሰበ፣ እንዴት ተራ ይይዝ? ጋጋሪዎቹ ተጠይቀው ቢሆን ይህን ሁሉ በአንድ ቡና ይናገሩት ነበር። ሕንፃው ተነደፈ፤ አስተዳደሩ አልተነደፈም። የሚገርመው፣ ያው ሐሳብ በሌላ በር ተመልሶ መግባቱ ነው። ዛሬ ብዙ የከተማ ቤተሰብ እንጀራ ከሰፈር ጋጋሪ ይገዛል። እሷ ምጣዶቿን ከንጋት ጀምሮ አግላ ሙሉ ቀን ትጋግራለች። የጋራ ማብሰያው የሚያተርፈውን ኃይል ማንም ሳያዛት አተረፈች፤ ለዚህ ግን የሚሸልማት ታሪፍም ሆነ ብድር እምብዛም የለም።

አንድ ሺህ ሰዓት

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ እንዳይመስላችሁ ሁለት የውጭ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1924 ኦስራምንና ፊሊፕስን ጨምሮ የዓለም ትላልቅ አምፖል አምራቾች ጄኔቭ ላይ ፊበስ የተባለ ማኅበር አቋቁመው የአምፖል ዕድሜ ወደ 1,000 ሰዓት እንዲወርድ ተስማሙ። ቀድሞ 1,500 እና ከዚያ በላይ የሚያበራ አምፖል ይሠሩ ነበር። ብዙ የሚኖር አምፖል የሠራ አባል ይቀጣ ነበር። መሐንዲሶቹ ደከሙ፤ ግን አምፖሉ ቶሎ እንዲሞት ነው የደከሙት። ሸማቹ ግን ለአንድም ስብሰባ አልተጠራም።

በተቃራኒው፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሕግ ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ጀምሮ በዚያ የሚሸጥ አዲስ የእጅ ስልክ ሁሉ በአንድ ዓይነት ቻርጀር፣ በዩኤስቢ ሲ፣ እንዲሞላ አስገደደ። አፕል ለዓመታት ሲቃወም ቆይቶ በ2023 አይፎን 15 ላይ ቀየረው። ያ የቻርጀር ቀዳዳ በአንድ አህጉር ሕግ ተለወጠና ዛሬ መርካቶ ላይ ስልክ የሚገዛ ሰውም አንድ ገመድ ይበቃዋል። በእኛ ምክር ቤት ድምፅ አልተሰጠበትም። የሌላው ቦይ ውሃ እኛም ማሳ ደርሷል፤ ደግነቱ በዚህኛው ተጠቅመናል።

ከግድቡ እስከ ጓዳው

የታላቁ ህዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። ከዚያ በፊት፣ በጥር 2016 ዓ.ም.፣ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ታግዶ ፊታችንን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዙረናል። ቢትኮይን ለሚያመርቱ ኩባንያዎችም ኃይል ተሽጧል። እያንዳንዱ የራሱ ምክንያት አለው፤ የውጭ ምንዛሪ ማትረፍና ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ምጣዱን እዚህ ሒሳብ ውስጥ እናስገባው። ግድቡ በሙሉ አቅሙ ቢሠራና በመስመር ላይ አንዲት ዋት ባትባክን እንኳ፣ ባለ 3.5 ኪሎዋት ምጣድ ባንድ ጊዜ ሊያግል የሚችለው 1.5 ሚሊዮን አይሞላም። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር! ንድፉ ተሻሽሎ ምጣዱ በ2.5 ኪሎዋት ቢሠራ ግን ያው ግድብ ከ2 ሚሊዮን በላይ ያግላል። ልዩነቱ ግማሽ ሚሊዮን ጓዳ ይበልጣል፤ ለዚህ አዲስ ተርባይን መትከል፣ ሌላ ወንዝ መገደብ አላስፈለገም። ሸክላ፣ ሽቦ፣ ንጣፍና የሚያስገድድ ደረጃ ነው ያስፈለገው።

ለመኪናው ዕገዳ ወጣ፤ ለአምፖሉ ዘመቻ ተደረገ። ምጣዱ ግን አብዛኛው ቤት በሳምንት ሁለት ሦስቴ የሚያግለው፣ ከሁሉም በላይ ኃይል የሚበላው ዕቃ ሆኖ ሳለ እስከ ዛሬ በአብዛኛው የጓዳ ጉዳይ እንደሆነ ቀርቷል። እዚህ ላይ ፍርዴን አልደብቅም፦ የአገሪቱ የኃይል ፖሊሲ ከግድብ የጀመረውን ያህል ከምጣድ ስላልጀመረ ጎዶሎ ነው። የመጀመሪያው የታሪፍ እርከን አንድ ቤተሰብ በወር ለሚጋግረው እንጀራ የሚበቃ መሆን አለበት፤ ምጣድ ሠሪዎችም ደረጃውን እንዲያሟሉ ብድርና ሥልጠና ይገባቸዋል፤ ደረጃው ሲወጣ በጠረጴዛው ዙሪያ ጋጋሪዎች ይቀመጡ። እስከዚያው እናንተ በሚቀጥለው የጋገራ ቀን ምጣዱ ከመጣዱ በፊትና ከወረደ በኋላ ቆጣሪያችሁን አንብቡ፤ ልዩነቱን መዝግቡ። በሚቀጥለው የታሪፍ ክርክር ላይ ይዛችሁት የምትቀርቡት ቁጥር እሱ ነው።